በላጲስ የፋቅሁት ጽሑፍ

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ሜሮን ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባባ፣ የጻፍኩትን ላንብብልህ?» አለችኝ። በቴሌቪዥን የምትከታተለው አንድ ድራማ አለ። አጨራረሱ አላስደሰታትምና ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷና ጓደኞቿ እየጻፉ በስልክ ይለዋወጣሉ። «ይሄ አሁን የመጣ ነገር ነው፤ አንተ አታውቀውም» ብላ አስቀድማ አዘነችልኝ። እኔም እንደማያውቅ ሰው አፌን ከፍቼ አዳመጥኩ። አፍ መክፈት አይቸግረኝም፤ የሚዘጋው ጥርስ ካለቀ ቆይቷል።

ያነበበችልኝ ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነው። አጎቷ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ይገርፋታል። ልጅቱ ስታለቅስ ታምራለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንደ ጤዛ ያበራል፤ ድምፅዋ ሰፈሩን ሁሉ ያባባል። ሜሮን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ድብደባው ይበቃል? ጓደኞቼ ትንሽ ጨምሪበት እያሉኝ ነው» አለችኝ።

እኔ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ቀልድ አምጥቼ ሴት ልጆቼ የሚቆነጥጡኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ቀልድ አልመጣልኝም። «ትንሽ ጨምርበት» የሚለውን ቃል ሜሮን ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ፣ ጎንደር ላይ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ የተባለው ለእኔ ነበር። እኔም ጨመርኩ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ አለልኝ፤ ዘመኑ ደርግ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት። ሰባት ፀጉር ብቻ ያለው ጺም ነበረኝ፤ ሰባቱንም በየጠዋቱ አበጥራቸው ነበር። ሥራዬ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ውስጥ ማደል ነው። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወረፋ እሰጣለሁ። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ እንባ በነፃ አድል ነበር። ይህን ሦስተኛውን ነው የማወራችሁ።

አንድ የሕንድ ፊልም ከተማችን መጣ። እናቷ የሞተችባት አንዲት ልጅ አለች፤ እንጀራ እናቷ ታሠቃያታለች፤ አባቷ ሩቅ አገር ነው። ሁላችንም «ሕንዷ» እንላት ነበር። አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ችግሩ፣ የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅል አብሮ አልመጣም። ልጅቱ ግቢው ውስጥ ተንበርክካ ሳለች መብራት ቦግ አለና አንድ ሰው ወጥቶ «አልቋል፣ ውጡ» አለን። ጎንደር ሁለት ሳምንት ተቆጣ። ሰዉ ወረፋ ላይ ቆሞ «ሕንዷ ምን ሆነች?» እያለ ይከራከራል። እኔም የሚፈልጉትን ሁሉ የማደል ልማድ ስላለብኝ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛሁና የቀረውን ጻፍኩላቸው።

ደብተሩ ከቤት ቤት ዞረ። «የሕንዷ ደብተር» ተባለ። ሰባቱ የጺሜ ፀጉሮች አሥር የሆኑ መሰለኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ድብደባ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። ከዚያ እትዬ አስካለ መጡ።

እትዬ አስካለ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ባለቤታቸው የከባድ ማኪና ሾፌር ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ወላድ ስትታረስ፣ ሰው ሲታመም፣ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ። ደብተሩን ይዘው ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንዲያው የዚያች እንጀራ እናት ጭካኔ! ምን ዓይነት ሰው ናት? አንጀቴን በላኸው፣ አለልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ብቻ እዚያ ስትገርፋት ላይ ቶሎ ጨረስከው። ሰው ልቡ ከመሙላቱ በፊት አባትዮው ደረሰ። ትንሽ ጨምርበት።»

ጨመርኩበት። አንዱ ገጽ አሥራ አንድ ሆነ። አለንጋውን አወፈርኩት፤ ልጅቱን አጮኽኳት። በመጨረሻ አባትዮው ይመጣል፤ ልጅቱ በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳዋን ትገልጣለች፤ እንጀራ እናቲቱ ተንበርክካ ታለቅሳለች፤ ነገሩ ያልቃል። እኔ በሕይወቴ ማንንም ገርፌ አላውቅም፤ ስገረፍም እናቴ ገና ሳትነካኝ ስለምጮህ ትተወኝ ነበር። ዕውቀቴ ይሄው ነው።

ደብተሩ ሃያ ቤት ያህል ዞሮ ሲመለስ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው፤ ሰው ከኋላ የሚጎትታቸው ይመስላሉ። ልጅቱን በርበሬ ያጠንኩበት አንድ መስመር ነበረኝ። እንጀራ እናቲቱ በጋቢ ሸፍና ታጥናታለች፤ ከዚያም «የልጅቱ ጩኸት ሰማይ ደረሰ» ይላል። አጠገቡ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «በርበሬ ሲያጥኑት ሰው አይጮህም። ድምፅ አይወጣም። ከዚያም እስከ ሦስት ቀን አይወጣም።»

ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቅናት። «ይሄማ ሸጋ ነው! እኔ ምነው አላሰብኩትም?» አልኩ። አንዱ መምህር ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደብተሩን ወደ ድራማ ሊለውጠው ስላሰበ ንጹሕ አድርገህ አምጣ ብሎኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋሁና ያንን ነገር በራሴ እስክሪብቶ፣ በራሴ አባባል፣ ገጹ ውስጥ አስገባሁት። የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ ፋቅሁ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ ሌላ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። ትችት የማይወድ ሰው ነበርኩና ሌላ ስህተት አግኝቶብኝ ይሆናል ብዬ ሳላነብ አብሬ ፋቅሁት። ደብተሩ አማረ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮው የሻከረ፣ ሰብሰብ ያለ ሰው ነው። ደብተሩን አንብቦ «ጓድ ደራሲ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህች እንጀራ እናት የማን መደብ ናት?» አለኝ።

«የ… የክፉዎች፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ክፋት መደብ የለውም እንዴ? የባላባት ሚስት አድርጋት። ጃንጥላ አስይዛት። የወርቅ ጥርስ አድርግላት።»

አደረግኩላት። ሕንዷ የጭሰኛ ልጅ ሆነች፤ እንጀራ እናቲቱ ልጅቱን በገረድነት የያዘች ባለ ጃንጥላ ወይዘሮ ሆነች። በእኛ ቀበሌ ጃንጥላ የያዘ ባላባት አልቀረም። ማንም ራሱን እንዳያይ አድርጌ አዘጋጀሁት ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ይህ አልገባኝም።

ሕንዷን ሆና የምትጫወት ልጅ ስትፈለግ እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡ። «የእኔዋ ብርቄ ትሁን» አሉ። ብርቄ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ከገጠር፣ ከኮሶዬ መጥታ እሳቸው ዘንድ ትኖራለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እትዬ አስካለ «ፈላ ውኃ አፍስሳበት ነው፤ ልቧ መቼ እዚህ ነው!» ብለው ራሷን ዳበስ አደረጓት። ስለዚህ ለድራማው የሐሰት ጠባሳ የምንቀባው በግራ እጇ ላይ ሆነ።

ልምምዱ አንድ ወር ፈጀ። እትዬ አስካለ አንድ ቀን እንኳ ቀርተው አያውቁም፤ ወንበር አምጥተው ፊት ለፊት ይቀመጡና ያለቅሳሉ። ብርቄ ያለ ሽንኩርት ታለቅሳለች፤ ሁላችንም ተደነቅን። እዚያ ላይ ማስታወስ ያለብኝ ሌላ ነገር አለ። ስኳር ልትወስድ ሱቅ ስትመጣ ከተቀበለች በኋላ አትሄድም ነበር። ባንኮኒው ፊት ትቆማለች። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ «ምነው ቆምሽ? ድርሻሽን ወስደሻል፤ ሌላ የለም» ብያታለሁ።

ድራማው እሁድ ሊታይ ሐሙስ ዕለት አዲስ መመሪያ መጣ፦ ከዛሬ ጀምሮ ተቀባዩ መዝገብ ላይ ይፈርም። ብርቄ ሳሙና ልትወስድ መጣች። ወረፋው አልቆ ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እርሳሱን በግራ እጇ ያዘችና ስሟን ጻፈች። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ አዘነበሉ።

ሞኝነቴን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ኩራት ነው። «አንቺ ነሽ! ደብተሬን ያረምሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት እየሳቅሁ።

እርሳሱን አስቀመጠች። ወደ በሩ ተመለከተች።

«እንዴት አወቅሽው ግን? እንዴት አሰብሽው?»

«አላሰብኩትም» አለች።

ሳቄ ባለበት ቀረ። የተጠቀለለውን እጇን አየሁ። ከዚያ ፊቷን አየሁ፤ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ እያየሁት አይቼው የማላውቀውን ፊት።

«ብርቄ፣ እሱስ? እጅሽ?»

«ውኃ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አያ አለልኝ፣ ልጠይቅህ?» በሃያ አራት ዓመቴ «አያ» መባሌ ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

«ጠይቂኝ።»

«ያ መጨረሻው፣ ልጅቱ ሰው ፊት ስትገልጠው ሴትዮዋ የምትተዋት፤ እውነት ነው?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። «ከራሴ ያመጣሁት ነው» ማለት እችል ነበር። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። እሷ ግን ዓይኔን ታያለች፤ በሕይወቴ እንደዚያ አምኖ ያየኝ አንባቢ አልነበረም።

«እውነት ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እሁድ አዳራሹ ይሞላል አይደል?»

«ጢም ይላል።»

«እንግዲያ እሁድ እናገራለሁ። ያንተን ቃል ትቼ የራሴን እናገራለሁ። አትቆጣም?»

«አልቆጣም። መጋረጃው ጋ እቆማለሁ፤ አብሬሽ ነኝ» አልኳት። ሳሙናዋን ይዛ ወጣች። ሦስት ሌሊት ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ለማን ልንገር? ለሊቀመንበሩ? እትዬ አስካለ ቀኝ እጁ ናቸው። ለባልየው? መንገድ ላይ ነው። በመጨረሻ የራሴን ድርሰት ማመን ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ባለበት ከተናገረች ማን ምን ይላታል? አልኩ። ደራሲው ራሱ ተታለለ።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ማለትም ነገሩን ሳላውቅ፣ ከበሮ መቺያችንን ተገኘን ጠርቼ በወረቀት የተጠቀለለ በርበሬ ሰጥቼዋለሁ። በልምምድ ላይ ከሰሉ ላይ እርጥብ ቅጠል ነበር የምናጨሰው፤ እኔ ግን የኋላ ወንበሮች ድረስ ሽታው እንዲደርስ አማረኝ። «የማጠኑ ትዕይንት ላይ ስትደርስ ቆንጠር አድርገህ ጣል። ለማንም አትንገር፤ እውነት ይምሰል» ብዬዋለሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነበር። ፊተኛው ረድፍ ላይ ሊቀመንበሩና እትዬ አስካለ ተቀመጡ፤ እትዬ አስካለ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ግራ እጆች ተነሡ፣ መፈክር ተባለ፣ መጋረጃው ተከፈተ። ባለ ጃንጥላዋ ወይዘሮ ስትገባ ሕዝቡ «እናውቅሻለን፣ አንቺ!» እያለ ሰደባት። ብርቄ ጥሩ ተጫወተች። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት።

የማጠኑ ትዕይንት ከመጨረሻው በፊት ነው። ማንደጃው ገባ። ወይዘሮዋ ጋቢውን ዘረጋች። ያን ጊዜ ተገኘን ከወዲያኛው ጎን ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት ሲያወጣ አየሁት።

«ተገኘ! ተው!» አልኩ። የሕዝቡ ጫጫታ ድምፄን ዋጠው። እጄን አወናጨፍኩ፤ እሱ ደግሞ «አሁን ነው» ያልኩት መስሎት ራሱን ነቀነቀልኝ። ልሮጥ አንድ እግሬን መድረኩ ላይ አሳረፍኩ። አንባቢዎቼ፣ ያ እግር እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሦስት መቶ ሰው ፊት መውጣት አሳፈረኝ። በዚህች መሐል፣ «ቆንጠር አድርገህ» ያልኩትን ሰውዬው በሙሉ ገለበጠው።

ጭሱ መጀመሪያ መድረኩን፣ ከዚያ አዳራሹን ያዘው። ሕዝቡ ማሳል ጀመረ። አንዱ አስነጠሰ፣ ሌላው ሳቀ። «እረ ፈጁን!» አለ አንድ ሰው ከመስኮት ላይ። ሦስት መቶ ሰው እያሳለና እየሳቀ ዓይኑን ያሻል። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ። ጋቢው ተገለጠ። ብርቄ ቆማ ነበር።

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች። አንገቷ ላይ ያሉት ሥሮች ተገትረው ይታያሉ፤ ድምፅ ግን የለም። ወደ እኔ ዞረች። ኅዳጉ ላይ የጻፈችው እያንዳንዱ ቃል ዓይኔ ፊት መጣ። አይጮህም። ድምፅ አይወጣም።

ከዚያ የግራ እጇን የተቀባ ጠባሳ ትታ የቀኝ እጇን ጨርቅ በጥርሷ ፈታች። እጇን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዘረጋች። ወደ እትዬ አስካለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። «አሁን» አልኩ በልቤ፤ «አሁን ገባቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም። «ምን ዓይነት ልጅ ናት!» «ቁስሉን አያችሁት? እውነት እኮ ነው የሚመስል!» ሴቶች እልልታ አቀለጡ። እትዬ አስካለ ተነሡ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ከበርበሬው ይሁን ከምን አላውቅም፤ እንባ ግን እንባ ነው። ወደ መድረኩ ወጡ፤ ልክ በደብተሬ እንደተጻፈው ተንበረከኩ፤ ብርቄን አቀፏት፤ «ልጄን! ልጄን!» አሉ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እሳቸው በነጠላቸው የልጅቱን ክንድ ሸፈኑና እንዳቀፏት ወደ ቤት ወሰዷት። እኔ መጋረጃውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰዎች እየመጡ ጀርባዬን ይመታሉ። «አለልኝ፣ ገደልከን!» ይሉኛል።

ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ። ተንተባተብኩ፤ ግን ሁሉንም ነገርኩት።

ሰማኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ጓድ ደራሲ፣ ትናንት አንተ እዚያ አልነበርክም?» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«አስካለ ስታለቅስ አላየህም? ሕዝብ በሙሉ አይቷታል። ጨካኝ ሰው እንደዚያ ያለቅሳል?»

«ልጅቱ ራሷ ነግራኛለች። በርበሬ እንዳጠኗት…»

«በርበሬ!» ሳቀ። «እሱማ ያንተ ድራማ ነው። ልጅቱ ወር ሙሉ ስታጠናው የከረመችውን መልሳ ነገረችህ።»

«የለም፣ እሷ ናት ቀድማ የጻፈችው! ደብተሬ ላይ አለ!» አልኩና ደብተሩን ከብብቴ አወጣሁ። ገጹን ገለጥኩ። የራሴ ቀለም። የራሴ እጅ ጽሑፍ። ኅዳጉ ነጭ ነው።

«የታለ?» አለኝ።

«ፋቅሁት።»

ደብተሩን ዘጋና መለሰልኝ። «ሂድ ስኳርህን አድል፣ አለልኝ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር፤ አዝኖልኝ ይመስለኛል።

ማክሰኞ እትዬ አስካለ ሱቅ መጡ። ዓይኔን እያዩ፣ ፈገግ ብለው፣ «ብርቄን አየር እንድትለውጥ አባቷ ዘንድ ሰደድኳት። ጉሮሮዋን አሟታል። ያ በርበሬህ ልጄን ጎዳብኝ እኮ!» አሉ። ወረፋው ላይ ያሉ ሰዎች በወቀሳ አዩኝ። እውነትም አላቸው። በርበሬው የእኔ ነበር።

ረቡዕ ሱቁን ዘግቼ በደባርቅ መንገድ በምትሄድ የጭነት ማኪና ላይ ወጣሁ። ኮሶዬ ጉም ውስጥ ናት። ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። አባትዮው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ጠላ አስቀዳልኝ። ነገሩን ስነግረው መጥረቢያውን አላቆመም።

«ልጅ ነች፣ ትቀጣለች» አለ።

«ይሄ ቅጣት አይደለም፣ አያ። እጇን አይተኸዋል?»

«አይቸዋለሁ።» መጥረቢያው ቆመ። «እህቴ ምነው ክፉ ናት? አገር ፊት ተንበርክካ አልቅሳላታለች አሉ። ትናንት ከገበያ የመጣ ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚያወራኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደሞስ እኔ ምን አለኝ? እዚህ ከቀረች ትምህርት የለ። አምስተኛ ክፍል ደርሳልኛለች። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ልበቃ።» ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ያ ሰው ልጁን አይወድም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። መውደዱን አየሁት፤ ምንም እንደማይጠቅማትም አየሁት።

ብርቄ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ማኪና እየጠበቅን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ድምፅዋ ሻካራ ቢሆንም ተመልሷል።

«ጽሑፍሽን ፋቅሁት» አልኳት። «ሊቀመንበሩን ላሳይ ብል የለም።»

«ምነው ፋቅኸው?»

«ደብተሩ እንዲያምር ብዬ።»

ነገሩን በደንብ አሰበችበት። «አምሯል» አለች። ምጸት አልነበረበትም። እንደ እውነተኛ አንባቢ ነው የነገረችኝ።

ማኪናው ከጉሙ ውስጥ ጡሩምባውን ሲያሰማ ተነሣሁ።

«አያ አለልኝ፣ አባቷ ሲመጣ ያልቃል ብለህ ነበር» አለችኝ። «ይኸው እኔ ራሴ እሱ ዘንድ መጣሁ። አላለቀም።»

ማኪናው ላይ ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ አስካለ ብርቄን እጇን ይዘው ሱቅ መጡ። ስኳር መዘንኩ። ብርቄ መዝገቡ ላይ በቀኝ እጇ ፈረመች፤ ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል። ቀና ብላ አላየችኝም። በዓመቱ ባልየው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ቤተሰቡ ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የሰማሁት የለም። ፈልጌያታለሁ ብል ዋሽቻለሁ፤ ለመፈለግ እንኳ ፈራሁ። ድርሰት ግን ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም። ይህች የመጀመሪያዬ ናት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። በየፊልሙና በየድራማው የሚሠቃየው ልጅ ሲጮህ አብሬያችሁ አለቅሳለሁ፤ አሁንም እንባዬ ቅርብ ነው። ካለቀስኩ በኋላ ግን ደረቴ ቀለል ሲለኝ እፈራለሁ። እትዬ አስካለም ያን እሁድ ቀለል ብሏቸው ነው ወደ ቤት የሄዱት። የጻፍኩትም የማየውም ጨካኝ ሁልጊዜ ጃንጥላ ይዞ ነው የሚመጣ። ጎረቤቴን አይመስልም፣ እኔን አይመስልም። ልጁም ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ያለቅሳል፤ የማይጮኸውን እንዴት እንደምንሰማ ማንም አላሳየኝም።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። ስልኳን ካስቀመጠች ቆይታለች። «ደብተሩ አለ?» አለችኝ። አለ። ከሣጥኑ ሥር አወጣሁላት፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሳዋለች። ገጹን ገልጣ ነጩን ኅዳግ በጣቷ ዳበሰችው።

«አባባ፣ ወረቀቱ ጎድጉዷል። ጫን ብላ ነው የጻፈችው።»

የሥዕል እርሳሷን አመጣችና አግድም ይዛ ኅዳጉን በስሱ ማጥቆር ጀመረች። ከጥቁሩ ውስጥ ነጫጭ ፊደሎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ያዘነበሉ። በርበሬ ሲያጥኑት ሰው አይጮህም። እንግዲህ በዚያ ሰኞ ጠዋት፣ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ማስረጃው እጄ ውስጥ ነበር። የሚያስፈልገኝ አንድ ቁራጭ እርሳስ ነበር፤ እሱም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሜሮን ማጥቆሩን አላቆመችም። ወደ ግርጌው ወረደች፤ ሳላነብ ወደፋቅሁት። ደቃቁ ጽሑፍ ቀስ እያለ ወጣ። እኔ ዓይኔ ስለማይችል እሷ አነበበችልኝ።

«አያ፣ ሱቅ ስመጣ ጠይቀኝ። እኔ መጀመር አልችልም፤ ከጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ።»

ከዚያ ሜሮን ቀና አለችና «መጣች?» አለችኝ።

«መጣች» አልኳት። «ድርሻሽን ወስደሻል፣ ሌላ የለም አልኳት።»